ካሜራችን በመሃል እንዳይጠፋብን
(ቤይሩት፣ በእሁድ ስብሰባችን ላይ የተናገርኩት)

እህቶቼ፣ እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት አስረኛ ክፍል ላይ ነው፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ባለፈው ወር የደረሰብን ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ጠይቄ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ታስታውሳላችሁ፣ አንዷ እህታችን አገሯ ልትገባ ሦስት ቀን ሲቀራት እዚሁ ተቀምጣ ታሪኳን በማኅበራችን ካሜራ ቀረጽናት። በስልክ ያልቀረጽነው የብዙዎቻችንን ስልክ ማዳም ስለምትከፍተው ነው። የመንግሥት መብራት አልነበረም፣ ኢሽቲራኩም ጠፍቶ ነበር። ስለ ልጇ ተናገረች፣ ስለምትሠራበት ቤት ተናገረች። "የስንት ወር ደመወዝ ቀረብሽ?" ብዬ ስጠይቃት ካሜራው ድርግም አለ። ለካ ባትሪው አርጅቷል፤ 11 ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው። እሷም ረቡዕ በረረች። ዋናው ነገር እጃችን ላይ የለም።

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ሁላችንም ፓወር ባንክ አለን፤ የስልክ ገመድ ቆርጬ ካሜራው ላይ ላገናኘው አልኩ። ዶራ ያለ ስልክ ጠጋኝ ሳማክረው "ተይ፣ ታቃጥይዋለሽ!" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራችሁን ባትሪ አውጥታችሁ ጽሑፉን እዩ። አንዳንዱ 3.7 ቮልት፣ አንዳንዱ 7.4 ቮልት ይላል። ፓወር ባንክ በተለመደው ቀዳዳው የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። ለመጀመሪያው ይበዛበታል፣ ለሁለተኛው ያንሰዋል። ስለዚህ በመሃል የሚያስማማ ያስፈልጋል። እሱም የውሸት ባትሪ ነው፤ መልኩ እንደ ባትሪው ሆኖ ገመድ አለው። ገመዱ ፓወር ባንኩ ላይ ይሰካል፣ ገመዱ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ኃይሉን ካሜራው በሚፈልገው ልክ ትቀይራለች። ስትገዙ የባትሪያችሁን ስምና ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ "ይመሳሰላል" ቢሏችሁ አትቀበሉ። ብዙ ካሜራ የባትሪው ክዳን ጥግ ላይ ገመድ የሚወጣባት ትንሽ በር አለችው፤ ክዳኑን በግድ አትዝጉት።

በስልክ ገመድ በቀጥታ ሻርጅ የሚደረጉ ካሜራዎችም አሉ። ግን አንዳንዱ የሚሞላው ሲጠፋ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ እየቀረጸም ይወስዳል። እቤት አብርታችሁ ሞክሩት።

ስንት ጊዜ ያቆያል? የእኛ ባትሪ 7.4 ቮልት፣ 1,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 7.4 ዋት ሰዓት ይሆናል። የ10,000 ፓወር ባንክ ውስጡ 3.7 ቮልት ስለሆነ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል። በወረቀት አምስት ባትሪ ነው፤ ግን ኃይሉ ሲቀየር ስለሚባክን ሦስት ብላችሁ ቁጠሩት። ለእኛ ከበቂ በላይ ነው።

ሦስት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ቀረጻውን አቁማችሁ ካሜራውን ሳታጠፉ ገመዱን አትንቀሉ፤ የተቀረጸው ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ፓወር ባንክ ካሜራው ትንሽ ብቻ ሲወስድ ሥራ የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ አስቀድማችሁ ግማሽ ሰዓት ፈትኑት። ሦስተኛ፣ ያበጠ ፓወር ባንክ አትጠቀሙ፣ ትራስ ሥርም ሻርጅ አታድርጉ፤ እሳት ያስነሳል። አገር የምትገቡም ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

ለዚያች እህታችን ደውዬ የቀረውን በድምፅ እንድትልክልን ለምኛት ነበር። "አንዴ ተናገርኩት እኮ፣ ደግሜ ማልቀስ አልችልም" አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው።

የሚመጣው እሁድ ሁለት እህቶች ይናገራሉ። የውሸት ባትሪውን በመዋጯችን ገዝተነዋል፤ ትናንት ማታ ሞክሬው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሳይቋረጥ ቀርጿል። የሞላ ፓወር ባንክ ያላት አንድ ሰው መጠባበቂያ ይዛ ቀደም ብላ ትምጣልኝ። እጅ አውጡ እስቲ፣ ማን ናት?