በጾመ ነቢያት ስለ መጠበቅና ስለ ማዘግየት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ወገኖች፤ በየቤታችሁና በየሥራችሁ ቦታ ሆናችሁ ይህን ቃል የምትሰሙ ምእመናንና ምእመናት፤ እግዚአብሔር አምላካችን በቸርነቱ ጠብቆ ለዘንድሮው ጾመ ነቢያት ስላደረሰን ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ይህ ጾም ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በአዋጅ ከምትጾማቸው ሰባቱ አጽዋማት አንዱ ነው። ኅዳር 15 ቀን ተጀምሮ እስከ ጌታችን ልደት ዋዜማ ይጾማል። ልደትም በዘመነ ማቴዎስ፣ በዘመነ ማርቆስና በዘመነ ሉቃስ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። አባቶቻችን ጾሙን በብዙ ስም ይጠሩታል። ነቢያት የአምላክን ሰው መሆን በመንፈስ አይተው ስለ ጾሙት ጾመ ነቢያት ይባላል፤ ለአዳም የተሰጠው ተስፋ ስለ ተፈጸመበት ጾመ አዳም ይባላል፤ የክርስቶስ መምጣት ስለ ተሰበከበት ጾመ ስብከት ይባላል፤ በልደት በዓል ስለሚፈታም ጾመ ልደት ይባላል። ስሙ ቢበዛም ምስጢሩ አንድ ነው፤ እርሱም መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ መጠበቅና ስለ ማዘግየት ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። የሚጠብቅ ሰው ተቀምጦ ይታያል፤ የሚያዘገይም ሰው ተቀምጦ ይታያል። ነገር ግን የሚጠብቅ ሰው የተቀመጠው የተስፋው ነገር ገና ስላልደረሰለት ነው፤ የሚያዘገይ ሰው የተቀመጠው ግን ሊያደርገው የሚገባው ነገር በእጁ ሳለ፣ ነገ አደርገዋለሁ እያለ ነው። ነቢያት ጠበቁ፤ እኛ ግን እናዘገያለን። የዚህ ጾም ዋና ትምህርት ይህን ልዩነት ማወቅ ይመስለኛል።

ነቢያት እንዴት እንደ ጠበቁ እንመልከት። ኢሳይያስ ድንግል ወንድ ልጅ እንደምትወልድ፣ የሚወለደውም የሰላም አለቃ እንደሚባል የተናገረው ጌታችን ከመወለዱ 700 ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። ሚክያስም የሚወለድባትን ከተማ ቤተ ልሔምን በስሟ ጠርቷታል። ልበ አምላክ ዳዊትም እግዚአብሔር እጁን ከአርያም እንዲልክ፣ ብርሃኑንና ጽድቁን እንዲልክ፣ የእስራኤል እረኛ ሆኖ የሕዝቡን ልመና እንዲሰማ ጸልዮአል። ከእነዚህ ልመናዎች የተነሣ ቤተ ክርስቲያናችን ከልደት በፊት ያሉትን ሦስት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ሰይማቸዋለች፤ ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13፣ ብርሃን ከ14 እስከ 20፣ ኖላዊ ከ21 እስከ 27 ቀን ነው። እነዚህ ቅዱሳን ሁሉ ተናገሩ፤ ለመኑ፤ ጾሙ፤ ነገር ግን የተናገሩለትን ሕፃን በክንዳቸው ሳይታቀፉ አንቀላፉ። እኛ ግን ከተወለደ በኋላ ተወለድን። እነርሱ በናፍቆት የጾሙትን እኛ ተቀብለን እንጾመዋለን። ስለዚህ የእኛ ጾም ናፍቆት ብቻ ሳይሆን የተቀበሉትን ስጦታ ማክበር ሊሆን ይገባዋል።

ስጦታን የሚያከብር ሰው በየቀኑ ሦስት ነገር አያዘገይም። በማለዳ ሃይማኖትን፣ በቀትር ሰላምን፣ በሠርክ ምስጋናን አያዘገይም። እነዚህን ሦስቱን በየተራቸው እንያቸው።

ወገኖቼ፤ በማለዳ ሃይማኖት ይቅደም። ሃይማኖት ማለት በዐይን ያላዩትን በልብ አምኖ ሥራ መጀመር ነው። ይህን ከገበሬው ተማሩ። ገበሬ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ጤፉን በዘራ ጊዜ አንዲት ፍሬ እንኳ አላየም። በጎተራ የነበረውን፣ ልጆቹ ሊበሉት የሚችሉትን እህል ወስዶ በምድር ላይ በተነው። ዛሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን አጭዶ፣ ከምሮ፣ በአውድማ ሲያበራየው ታዩታላችሁ። በሐምሌ ባያምን ኖሮ በታኅሣሥ ባዶ አውድማ ይጠርግ ነበር። ነቢያት ዘሩ፤ ሐዋርያት አጨዱ፤ እኛም ካልደከምንበት መከር ገባን።

ስለዚህ ከቤታችሁ ሳትወጡ በፊታችሁ ላይ አማትቡ። አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ። የቻላችሁ ከመዝሙረ ዳዊትና ከውዳሴ ማርያም የዕለቱን ድገሙ፤ አባቶቻችን ሁለቱንም በሰባቱ ዕለታት ከፋፍለው ያዘጋጁልን ማንም ሰው ጊዜ አጣሁ ብሎ እንዳያመካኝ ነው። ማንበብ የማይችል ሰውም ጌታ ሆይ ማረኝ ይበልና ወደ ሥራው ይሂድ። ልቤ ሲረጋጋ፣ ኑሮዬ ሲቃና እጸልያለሁ አትበሉ። ልብ የሚረጋጋው በጸሎት ነውና፤ ከመድኃኒት በፊት ጤንነትን አትጠብቁ።

በቀትር ሰላም ይከተል። በየዓመቱ ኅዳር 15 ሲቃረብ፣ አባታችን፣ በዚህ ጾም ዓሣ ይበላልን? እያሉ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ስለ ጾም ሥርዓት መጠየቅ መልካም ነው፤ እኔም ሁሉን ወደየንስሐ አባቱ እመራለሁ። ነገር ግን በክህነት ባገለገልሁበት ዘመን ሁሉ፣ አባታችን፣ ከወንድሜ ጋር ተጣልቼ ሳለ ልጾም እችላለሁን? ብሎ የጠየቀኝ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ወደ አፋችን ስለሚገባው እንጨነቃለን፤ በልባችን ስላደረው ግን አንጠይቅም።

እኔ የማውቃቸው ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። በአንድ የእርሻ ወሰን ምክንያት ስድስት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። ሁለቱም ጾመኞች ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ታላቁን ባነጋግረው፣ ታናሽ ነውና እርሱ ይምጣ፤ እኔ እጠብቀዋለሁ አለኝ። ታናሹን ባነጋግረው፣ የበደለኝ እርሱ ነውና እርሱ ይምጣ፤ እኔ እጠብቀዋለሁ አለኝ። እነሆ ሁለቱም እንጠብቃለን አሉ። ይህ ግን መጠበቅ አይደለም፤ ማዘግየት ነው። እግዚአብሔር የበደልነውን እኛን ቢጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ልደት ባልነበረ። እርሱ ግን ሳይበድል፣ ታላቅ ሲሆን፣ ወደ በደለው ወደ ታናሹ መጣ። ይህንኑ ነገርኋቸው።

በኖላዊ ሳምንት አንድ ጧት ታናሹ ተነሥቶ ወደ ታላቁ ቤት ሄደ። ምን ብለህ ገባህ? ብዬ ኋላ ብጠይቀው፣ እንዴት አደርህ ብቻ አልሁት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ እርሱም ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ ብሎ ነገረኝ። ወሰኑን ከዚያ በኋላ ሽማግሎች ገብተው ለኩላቸው። ዕርቅ ማለት የተበደለ ሰው ፍርዱን ይጣል ማለት አይደለምና። ነገር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ያጣላቸው መሬት ሲለካ ከአንድ ሰው መኝታ የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። ይህንንም እናንተ እንድትማሩበት ሁለቱ ራሳቸው ፈቅደውልኝ ተናገርሁ።

ጌታችን በወንጌል መባውን ወደ መሠዊያው ያመጣ ሰው ወንድሙ እንዳዘነበት ቢያስብ፣ መባውን በዚያ ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዞአል። በቅዳሴም ጊዜ ካህኑ ደጋግሞ ሰላምን ያውጅልናል፤ ዲያቆኑም እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ያዝዘናል። በዚያ ሰዓት ወደ ጎረቤታችን እጅ እንነሣለን። ነገር ግን በራስ እጅ ነሥቶ በልብ ጀርባ መስጠት ምን ይጠቅማል? የጾም መብል ከማቅረባችሁ በፊት፣ ዛሬ የተጣላሁት ማን ነው? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በእግር የሚደርሱበትን በእግር ሂዱበት፤ በእግር የማይደርሱበትንም በስልክ አግኙት።

በሠርክ ምስጋና ይፈጸም። እዚህ ላይ የሌላ ሰው በደል አልናገርም፤ የራሴን እናዘዛለሁ።

በልጅነቴ በጎጃም አገር የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። እንደ ሌላው ተማሪ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ከየደጁ ቁራሽ እለምን ነበር። በመንደሩ ዳር አንዲት ድኻ እናት ነበሩ። ከሁሉ ያነሰ ያላቸው እርሳቸው ነበሩ፤ ባዶ እጄን መልሰውኝ ግን አያውቁም። በዚሁ በጾመ ነቢያት፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ ንዳድ ይዞኝ በደጃቸው ወደቅሁ። ወደ ቤት አስገቡኝ፤ ከምድጃው አጠገብ አስተኙኝ፤ የራሳቸውን ልብስ ደረቡልኝ። ብዙ ቀን የተልባ ውኃ እያጠጡ እንደ ልጃቸው አስታመሙኝ። በተሻለኝ ጊዜ ጓደኞቼ ወደ ሌላ መምህር ሊሄዱ ተነሡ፤ እኔም በሌሊት አብሬአቸው ወጣሁ። እኒያን እናት ሳልሰናበት ሄድሁ። በልቤም፣ ቅስና ተቀብዬ፣ ጋቢ ገዝቼ፣ በክብር ተመልሼ አመሰግናቸዋለሁ አልሁ።

ዲቁና ተቀበልሁ፤ አልሄድሁም። ትዳር ይዤ ቅስና ተቀበልሁ፤ አልሄድሁም። ዛሬ ሥራ አለ፣ ዛሬ ዝናም ነው፣ ዛሬ ገንዘብ የለም እያልሁ ብዙ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ጋቢውን ይዤ ወደዚያ መንደር በደረስሁ ጊዜ አጥሩ ፈርሶ፣ በግቢው ሣር በቅሎበት አገኘሁት። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኖአቸዋል አሉኝ። አንዲት ጎረቤታቸውም ማን እንደ ሆንሁ ሰምታ እንዲህ አለችኝ፦ ተማሪ ባለፈ ቁጥር፣ ያ ንዳድ ይዞት የነበረው ልጅ ድኖ ይሆን? እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ይጠይቁ ነበር አለችኝ።

ምእመናን ሆይ፤ እኔ ምስጋና ለተመስጋኙ የክብር ጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህም ጋቢ እስክገዛ አዘገየሁት። እኒያ እናት ግን ጋቢ አልጠበቁም። የጠበቁት ድኛለሁ የሚል አንድ ቃል ነበር። ያንንም ቃል ከለከልኋቸው። በጸሎት ላስባቸው በፈለግሁ ጊዜም የክርስትና ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ከጎረቤት ጠይቄ ተረዳሁ። ጋቢውን በዚያው መንደር ለነበሩ ለሌላ አሮጊት ሰጠሁ። እስከ ዛሬም በቅዳሴ ስለ ሙታን በሚጸለይበት ጊዜ ስማቸውን ሳላነሣ አላልፍም።

በሉቃስ ወንጌል ጌታችን ዐሥር ለምጻሞችን እንዳነጻ ተጽፎአል። ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሳምራዊ ነበር። ጌታም ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀ። ዘጠኙ ክፉ ሰዎች ነበሩ ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። ምናልባት እነርሱም እንደ እኔ፣ ቤቴ ደርሼ፣ ልብሴን ለውጬ፣ ነገ እመለሳለሁ ብለው ይሆናል። ሥጋቸው ነጽቷል፤ ነገር ግን ሃይማኖትህ አድኖሃል የሚለውን ቃል የሰማው የተመለሰው ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በሥርዓተ ቅዳሴዋ የቅዱስ ባስልዮስን ጸሎተ አኰቴት ታቀርባለች። አኰቴት ማለት ምስጋና ማለት ነው። ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳን፣ እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን እናመሰግናለን። እንዲሁ እናንተም ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የዕለቱን ስጦታ ቍጠሩ። አስቀድማችሁ እግዚአብሔርን አመስግኑ፤ ከዚያም እግዚአብሔር በእጁ የሰጣችሁን ሰው አመስግኑ። ያሳደጋችሁን እናት፣ ፊደል ያስቈጠራችሁን መምህር፣ በችግራችሁ ቀን በሩን የከፈተላችሁን ጎረቤት አስቡ። በሕይወት ካሉ ቃላችሁን ስጧቸው፤ ካረፉም በጸሎት አስቧቸው፤ ስለ እነርሱም ለድኻ መጽውቱ።

እንግዲህ የልደት ቀን እየቀረበ ነው። በቤተ ልሔም ለእመቤታችንና ለዮሴፍ በማደሪያ ስፍራ እንዳልተገኘላቸው ወንጌል ይነግረናል። የዓለም ጌታ ከበሩ ሲደርስ በዚያች ሌሊት ቦታ አላገኘም። እርሱ ግን ነገ እመለሳለሁ አላለም፤ በከብቶች በረት ተወለደ እንጂ። እርሱ ስለ እኛ አንዲት ሌሊት እንኳ ካላዘገየ፣ እኛ ለእርሱ የሚገባውን ሃይማኖት፣ ለወንድማችን የሚገባውን ሰላም፣ ለባለውለታችን የሚገባውን ምስጋና ስለ ምን እናዘገያለን?

ይህን ቃል የምትሰማ ወንድሜ፤ የምትሰሚ እኅቴ፤ አሁን በልባችሁ የመጣ አንድ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እርሱን ለልደት በዓል አታቈዩት። ጸሐይ ሳትጠልቅ ፈልጉት።

ነቢያትን በተስፋ ያጸና አምላክ እኛንም በሃይማኖት ያጽናን፤ ለሀገራችንና ለዓለሙ ሁሉ ሰላምን ይስጥልን፤ ጾማችንን ተቀብሎ ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።