ለቀላል የስፖርት መኪና ትልቅ ቸርኬ ይገባልን?

በ1989 መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበችው የጃፓኗ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሞተሯ ከፊት ሆኖ የኋላ እግሮቿን የሚያሽከረክር፣ ክብደቷም ከአንድ ቶን በታች የሆነ የስፖርት መኪና ስትሆን፣ መሬት የምትረግጠው ዲያሜትራቸው 14 ኢንች በሆነ ቸርኬዎች ላይ በተገጠሙ፣ ለዛሬ ዓይን ትንንሽ በሚመስሉ ጎማዎች ነበር። ከእነዚያ መኪኖች መካከል እስከ አሁን በሥራ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የፋብሪካ ቸርኬያቸው ወልቆ 16 ወይም 17 ኢንች ተገጥሞላቸው ይታያሉ። ይህ ዲስኩር የሚመረምረው ለውጡ ለመኪናዋ ይበጃታል ወይስ ይጎዳታል የሚለውን ሲሆን፣ የሚደርስበትም ፍርድ በቀላል የስፖርት መኪና ላይ ከዲያሜትር በፊት ክብደት መጠየቅ አለበት፣ ክብደቱ ከተጠየቀ ደግሞ ትልቁ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል የሚል ነው።

ቸርኬ ማለት ጎማው ዙሪያውን የሚቀመጥበት፣ በዘንጉ ጫፍ ካለው ሞዞ ጋር በቡሎን የሚታሰረው የብረት ክብ ነው። ተራው ቸርኬ ከቆርቆሮ ብረት ተቀጥቅጦ የሚበየድ ሲሆን፣ አሎይ የሚባለው ግን አሉሚኒየም ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። አሎዩም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የቀለጠው ቅይጥ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የሚረጋበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ጠጣሩ ቅይጥ በከባድ መጭመቂያ ተጨፍልቆ ቅርጽ የሚይዝበት ነው። ሁለተኛው የብረቱን ውስጣዊ አደረጃጀት ስለሚያጠብቀው ያንኑ ጭነት በቀጭን አካል መሸከም ይችላል፤ ዋጋው የሚወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በገበያ ላይ አሎይ የሚለው ቃል ብቻውን የቀላልነት ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰዱ ብዙዎችን አሳስቷል፤ በርካሽ የፈሰሰ 17 ኢንች አሎይ ከፋብሪካው 14 ኢንች አሎይ እጅግ ሊከብድ ይችላልና።

የጎማ ልክ በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ጎማ 185/60 አር 14 ነበር፤ ይህም ስፋቱ 185 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 60 ከመቶ ማለትም 111 ሚሊ ሜትር፣ የሚቀመጥበት ቸርኬ 14 ኢንች ነው ማለት ሲሆን፣ በድምሩ የጎማው ዲያሜትር ወደ 578 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን በዚያው ልክ ማጠር አለበት፤ አለዚያ የጠቅላላው ጎማ ዙሪያ ይለወጣል። 195/50 አር 15 የተባለው ልክ 576 ሚሊ ሜትር ስለሚመጣ ከመጀመሪያው ጋር የሚለያየው ለጥቂት ሲሆን፣ በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ በብዛት የሚገጠመው 205/40 ግን 596 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ልዩነቱ 3 ከመቶ ነው። በዚህ ምክንያት የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያነብ መኪናዋ ከቀድሞው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ፈጥና ትሄዳለች፤ የማርሾቹም ምጥጥን በዚያው ልክ ስለሚረዝም፣ ከመጀመሪያውም ጉልበቱ መጠነኛ የሆነው 1.6 ሊትር ሞተር በእያንዳንዱ ማርሽ ትንሽ ይዳከማል።

ትልቅ ቸርኬ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ኃይለኛ መኪና ኃይለኛ ፍሬን ይሻል፤ ኃይለኛ ፍሬን ደግሞ ሙቀትን የሚበትን ሰፊ ዲስክ ይፈልጋል፤ ሰፊ ዲስክም ከነመያዣው የሚገባበት ሰፊ ቸርኬ ያስፈልገዋል። የጎማው ጎን ሲያጥርም መሪው ሲዞር ጎማው የሚንጋደደው በጥቂቱ ስለሆነ የመኪናዋ ምላሽ ይፈጥናል። መልክም ቢሆን የሚናቅ ምክንያት አይደለም፤ መኪናን የሚወድ ሰው ቆማ ሲያያትም ደስ እንዲለው መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ፍሬን በ14 ኢንች ቸርኬ ውስጥ ያለችግር ስለሚገባ ዋነኛው ምክንያት በእርሷ ላይ አይሠራም፤ የሚቀሩት የምላሽ ፍጥነትና መልክ ብቻ ሲሆኑ፣ ለእነርሱ የሚከፈለው ዋጋ ከዚህ ቀጥሎ ይመዘናል።

የመኪና ክብደት ሁሉ እኩል አይደለም። ከሞላው በላይ ያለው አካል፣ ማለትም ቦዲው፣ ሞተሩና ተሳፋሪው፣ በሞላው ላይ ተንሳፍፎ ይጓዛል፤ ከሞላው በታች ያለው ማለትም ጎማው፣ ቸርኬው፣ ሞዞውና የፍሬን ዲስኩ ግን የመንገዱን እያንዳንዱን ወጣ ገባ በቀጥታ ይቀበላል። ይህ የታችኛው ክብደት በጨመረ ቁጥር ጎማው ጉብታ ገጥሞት ወደ ላይ ከተወረወረ በኋላ ተመልሶ አስፋልቱን ለመያዝ ይዘገያል፤ በዚያች ቅጽበትም ጎማው የሚይዘው መሬት የለውም። የላይኛው አካል ቀላል በሆነበት መኪና ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ወሳኙ በታችኛውና በላይኛው ክብደት መካከል ያለው ምጥጥን ስለሆነ፣ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ሳይሰማው የሚያልፈው ጭማሪ ከአንድ ቶን በታች የሆነችውን መኪና ያንገጫግጫታል።

በዚህ ላይ መሽከርከር ይጨመራል። በቸርኬው ጠርዝና በጎማው ላይ ያለ ክብደት ከመኪናዋ ጋር ወደ ፊት መሄዱ ብቻ ሳይሆን በዘንጉ ዙሪያ መሽከርከርም ስላለበት፣ በጎማው የውጭ ዙሪያ ላይ የተጨመረ አንድ ኪሎ መኪናዋን ለማፍጠን በሚደረገው ጥረት ሁለት ኪሎ ያህል ሆኖ ይቆጠራል፤ ወንበር ሥር የተቀመጠ አንድ ኪሎ ግን ያው አንድ ኪሎ ነው። ቸርኬ ሲያድግ የብረቱ ጠርዝ ከመሃሉ ይርቃል፤ ስለዚህ የቸርኬው ጠቅላላ ክብደት ባይለወጥ እንኳ የመሽከርከር እንቢተኝነቱ ይጨምራል። መኪናዋ ስትነሣ፣ ስትቆምና ስትታጠፍ የሚሰማት ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሞተር ጉልበት የሚያስጨምር ሰው በትልቅ ቸርኬ ያንኑ ጉልበት መልሶ ማባከኑ የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

ትልቅ ቸርኬ የእሽቅድምድም ባሕርይ ነው ብለው የሚያምኑ የፎርሙላ ዋንን ታሪክ ሊያጤኑት ይገባል። የዓለም ፈጣኖቹ የእሽቅድምድም መኪኖች እስከ 2021 ውድድር መጨረሻ ድረስ ለአሥርተ ዓመታት የሮጡት በ13 ኢንች ቸርኬና ጎኑ ረጅም በሆነ ጎማ ነበር፤ ጎማው ራሱ እንደ ሞላ ስለሚሠራም መሐንዲሶቹ የመኪናውን አቀማመጥ ሲያሰሉ የጎማውን መለጠጥ ጨምረው ያሰሉ ነበር። በ2022 ወደ 18 ኢንች ሲቀየር ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የውድድሩ ጎማ በጎዳና ላይ ከሚታዩት መኪኖች ጋር እንዲቀራረብ መፈለጉ ነበር፤ አዲሱ ቸርኬና ጎማም ከቀድሞው የከበደ ሆነ።

የማዝዳ መሐንዲሶችም በዚሁ ጉዳይ ላይ በሥራቸው መስክረዋል። መኪናዋ ስትታሰብ ጀምሮ የቡድኑ መሪ ቃል ጂምባ ኢታይ ነበር፤ ፈረስና ፈረሰኛ እንደ አንድ አካል የሚሆኑበትን ሁኔታ የሚገልጽ የጃፓን አባባል ነው። በ2005 የወጣችው ሦስተኛዋ ትውልድ ከብዳና ገዝፋ ቸርኬዋ በአምስት ቡሎን ሲታሰር፣ ከእርሷ በኋላ የመጣችው አራተኛዋ ትውልድ እንደገና እንድትቀል ተደርጋ ስትነደፍ ቡሎኑ ወደ አራት ተመለሰ፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ አንድ ቡሎንና በዙሪያው ያለውን ብረት መቀነስ ለእነርሱ ዋጋ ያለው ጉዳይ ነበርና። ያቺ መኪና ከብዙ የዘመኑ የስፖርት መኪኖች በተለየ በ16 ወይም በ17 ኢንች ተወስና ቀርታለች። ቶዮታም በ2012 ጂቲ 86ን ሲያወጣ ነዳጅ ቆጣቢ ለሆነችው ፕሪየስ ይቀርብ የነበረውን ዓይነት ጠባብ የሚሽሊን ጎማ መምረጡ ብዙዎችን አስገርሞ ነበር፤ ዓላማው ግን ጎማው የመያዝ አቅሙን የሚጨርስበት ድንበር በመጠነኛ ፍጥነት እንዲደርስና ቀስ ብሎ ራሱን ለነጂው እንዲያሳውቅ ነው። ሰፊና ጎነ አጭር ጎማ ድንበሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲለቅ ግን በድንገት ይለቃል፤ በሕዝብ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ማመዛዘን አያስቸግርም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለም ለመቀየር የወሰነ ሰው ቢያንስ አገጣጠሙን ሊያበላሸው አይገባም። ኦፍሴት የሚባለው ቸርኬው ከሞዞው ጋር በሚገናኝበት ፊትና በቸርኬው ስፋት አማካይ መስመር መካከል ያለው ርቀት ነው፤ በመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ላይ 45 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህ ቁጥር በብዙ ካነሰ ቸርኬው ወደ ውጭ ወጥቶ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል፣ በሞዞው ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ጫናም ይዛባል፣ መሪውም በጎድጓዳ መንገድ ላይ ይጎተታል። የቸርኬው መሃል ቀዳዳም ከሞዞው ጋር ካልገጠመ ማጥበቢያ ቀለበት ካልገባበት በስተቀር በፍጥነት ላይ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ጎማው የሚሸከመውን ክብደት የሚያመለክተው ቁጥርም ከፋብሪካው ማነስ የለበትም፤ 82 የተጻፈበት ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ቸርኬውን የሚከላከልለት አየርም ጎማም ጥቂት ነው፤ በአዲስ አበባ የተቆፈሩ መንገዶችም ሆነ ከክረምቱ በረዶ በኋላ በሚሰነጣጠቁት የሰሜን አሜሪካ አስፋልቶች ላይ የሚጎብጡትና የሚሰነጠቁት አሎዮች አብዛኞቹ እንደዚህ ያሉት ናቸው።

አንድ ኢንች ብቻ ከፍ ማለት ግን የሚደገፍበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱ የሚመጣውም ከቸርኬው ይልቅ ከጎማው ነው። በ185/60 አር 14 ልክ የሚሠሩ ለስፖርት መኪና የሚስማሙ ጥሩ ጎማዎች እያነሱ ሲሄዱ፣ በ195/50 አር 15 ግን ምርጫው ሰፊ ነው፤ ጥሩ ጎማም ከየትኛውም ቸርኬ ይልቅ ለፍሬንና ለአያያዝ ይጠቅማል። እንዲህ ያለው ለውጥ የጎማውን ዙሪያ አያዛባም፤ ተጨፍልቆ የተሠራ ወይም በጥንቃቄ የተመረጠ ቀላል 15 ኢንች ቸርኬ ከተገኘም ክብደቱ ከፋብሪካው ብዙ አይበልጥም። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ቸርኬውን በሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት አለበት፤ ከመኪናዋ የወለቁት 14 ኢንች ቸርኬዎችም መሸጥ ሳይሆን በደረቅ ስፍራ መቀመጥ ይገባቸዋል፤ የዚህች መኪና ቀጣይ ባለቤት አንድ ቀን ይፈልጋቸዋልና።