ባሌስትራ መጨመር አክስልን ማጠንከር አይደለም

ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ፣ በጋራዥ ሥራ ረጅም ልምድ ያላቸው አንድ ወገናችን በካኩማ ለሾፌሮች፣ ለሙያ ተለማማጆችና በዕቁብ ገንዘብ መኪና ለገዙ ነዋሪዎች ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው።



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ፒካፕ መኪና የኋላ አክስል ነው። ርዕሱ የጋራዥ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዕቁብ ጥላችሁ መኪናውን የገዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከገበያ ስትመለሱ ከኋላ በጆንያው ላይ የምትቀመጡትም እናንተው ናችሁ። ስለዚህ ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው ብረት ምን እንደሚሠራ ማወቅ ለሾፌሩ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

በማኅበር የሚገዛው ፒካፕ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ጥቂት ወራት እንደሠራ ጀርባው ይጎብጣል። ያን ጊዜ ማኅበርተኛው ይመክርና መኪናው ኬንያውያን ጁዋ ካሊ ወደሚሉት፣ ፀሐይ ላይ ወደሚሠራው ጋራዥ ይወሰዳል። ከተጣለ የጭነት መኪና የተነቀለ ሁለት ሦስት ቅጠል ባሌስትራ ይጨመርለታል። ጀርባው ቀና ይላል። «አክስሉን አጠናከርነው» ይባልና በቀድሞው ጭነት ላይ አምስት ጆንያ ይደረብበታል። እኔ የመጣሁት ይህን አባባል ልቃወም ነው። ባሌስትራ ጭነቱን ይሸከማል እንጂ አይቀንሰውም። የተሸከመውን ሁሉ ወደ አክስሉ ያወርደዋል፣ አክስሉ ደግሞ ወደ ኩሽኔታው፣ ኩሽኔታው ወደ ጎማው። ከላይ ያለውን አጠንክራችሁ ከታች ያለውን እንደነበረ ከተዋችሁት፣ የጨመራችሁት ባሌስትራ የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።

እስቲ ጭነቱን አብረን እንደምር። አንድን ሰው 60 ኪሎ ብንለው 10 ሰው 600 ኪሎ ይሆናል። ባለ 50 ኪሎ 4 ጆንያ 200 ኪሎ ነው። ባለ 200 ሊትር አንድ በርሜል ውኃ፣ ከነበርሜሉ 220 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ድምሩ 1,020 ኪሎ ነው። ይህ «ከመጠን በላይ ጫነ» ብላችሁ የማታሙት ተራ ጭነት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ፒካፕ ፋብሪካው የሚፈቅደው ግን በአዲስነቱ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ያውም ጋቢና ውስጥ የተቀመጡት ተቆጥረው።

አክስሉን እንደ አንድ ቱቦ አስቡት። መካከሉ ላይ እንደ ቅል ያበጠው ቦታ ዲፈረንሻሉ ያለበት ነው። ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ፣ በቱቦው ውስጥ፣ ጎማዎቹን የሚያዞሩ ሁለት ዘንጎች ይወጣሉ። የኬንያ ፈንዲዎች «ሃፍ ሻፍት» የሚሏቸው እነዚህን ነው። በሃይሉክስ ላይ ዘንጉ ሁለት ሥራ አለበት፤ ጎማውን ያዞራል፣ የመኪናውንም ክብደት ይሸከማል። ጎማው የሚታሰረው በዘንጉ ጫፍ ላይ ሲሆን በየጎኑ ያለው ኩሽኔታ አንድ ብቻ ነው። ዘንጉ ክብደት ተሸክሞ ሲዞር፣ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ወደዚህ አንድ ጊዜ ወደዚያ ይታጠፋል። መታጠፉ በዓይን አይታይም። ነገር ግን ሽቦን በእጃችሁ ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት በመጨረሻ እንደሚበጠስ ሁሉ ይህም ብረት ይደክማል። ዙሪያው ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 400 ጊዜ ይዞራል። ከካኩማ እስከ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በመሄጃው ብቻ 48,000 ጊዜ ታጠፈ ማለት ነው። ዘንጉ ከኩሽኔታው ውጭ ባለው ጫፉ ላይ ከተሰበረ ጎማው ከነታምቡሩ ወጥቶ ይሄዳል፤ ታምቡሩ ሲወጣ የዚያ ጎማ ፍሬን ይበተንና የኋላው የፍሬን ዘይት ይፈሳል።

በላንድክሩዘር ፒካፕ፣ በ75 እና እሱን በተካው በ79፣ አሠራሩ ሌላ ነው። ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ በሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ላይ ሆኖ በአክስሉ ቱቦ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ክብደቱን የሚሸከመው ቱቦው ነው፤ የዘንጉ ሥራ ማዞር ብቻ ነው። ቢሰበር እንኳ ጎማው ከቦታው አይወጣም። የጫፉን ዳዶዎች ፈትታችሁ ዘንጉን ስባችሁ ታወጡታላችሁ፤ ቀዳዳውን አሸዋ እንዳይገባበት ትሸፍኑታላችሁ፤ የፊቱን ጎማዎች ኃይል አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ትመለሳላችሁ። ሁለቱን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከዚህ ስትወጡ የቆሙትን መኪኖች የኋላ ጎማ ተመልከቱ። በቸርኬው መካከል እንደ ጣሳ ወደ ውጭ የወጣ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ዳዶዎች የታሠሩበት ነገር ካያችሁ ክብደቱን ቱቦው የሚሸከመው ዓይነት ነው። በመለዋወጫ ሱቅ ስሙ «ፉል ፍሎቲንግ» ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ እሱም ፍሬን ነው። በብዙ ሃይሉክሶች ሥር፣ ከኋላው አክስል በላይ በሻሲው ላይ የተሰቀለ አንድ ቫልቭ አለ። ከእሱ ወደ አክስሉ የሚወርድ ረዘም ያለ ቀጭን ዘንግ ታያላችሁ። መኪናው ሲጫን ጀርባው ይወርዳል፤ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋዋል፤ ቫልቩም «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላው ፍሬን ብዙ ኃይል ይለቃል። መኪናው ባዶ ሲሆን ጀርባው ከፍ ይላል፤ ቫልቩም የኋላው ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ኃይሉን ይቀንሳል። እንግዲህ ባሌስትራ ጨምራችሁ ጀርባውን አሥር ሳንቲ ሜትር ከፍ ስታደርጉት ምን ይሆናል? መኪናው ከቶን በላይ ተጭኖ ቫልቩ ግን ባዶ ነው ብሎ ያምናል። የኋላው ፍሬን ሊይዝ በሚገባው ጊዜ ይለግማል። የፊቱ ፍሬን ብቻውን ይቃጠላል። ሾፌሩ «ፍሬኑ ደከመ» ይላል፤ ሸራ ይለወጣል፤ ችግሩ ግን ሸራው ውስጥ አልነበረም። አንዳንዶች ደግሞ ቫልቩን ጨርሰው ያወጡታል። ያን ጊዜ ባዶ መኪና በኮረት መንገድ ላይ ድንገት ሲያዝ ጅራቱ ዞሮ ፊቱን ይቀድማል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ባሌስትራው ጀርባውን ያነሣውን ያህል ዘንጉ ከአክስሉ ጋር የሚያያዝበትን ብረት ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ሰው ሳይሆን የአሸዋ ጆንያ ጭኖ፣ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ መሞከር ነው። ባሌስትራ የጨመራችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ከመኪናው ሥር ገብታችሁ ይህን ቫልቭ እንድታዩ እለምናለሁ።

እንግዲህ አክስሉን በእውነት ለማጠንከር የሚፈልግ ምን ያድርግ? እኔ እንደማምነው ከሦስት ማኅበር ሁለቱ አክስል መለወጥ አያስፈልጋቸውም። አዲስ ኩሽኔታና ኦይል ሲል፣ ደህና የፍሬን ሸራ፣ የተስተካከለ ቫልቭ፣ ከዚያም ከበርሜሉና ከሰዉ አንዱን መተው ይበቃቸዋል። ኩሽኔታው በዘንጉ ላይ በኃይል ተገፍቶ የሚገባ ስለሆነ በመዶሻ አታስመቱት፤ ፕሬስ ያለበት ቦታ ውሰዱት። ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ማራዘሚያም አታስገቡ። መኪናው ሰፋ ብሎ ያምራል፤ ኩሽኔታውና ዘንጉ ላይ ግን ጫናውን ያብሰዋል።

ድንጋይ፣ አሸዋና ውኃ በየቀኑ የሚያመላልስ ግን ሙሉ አክስል ቢለውጥ ያዋጣዋል። የሚፈለገው ከላንድክሩዘር 75 ላይ የወረደ፣ ከነታምቡሩ ሙሉ የሆነ አክስል ነው። ዲፈረንሻሉም የበለጠ ነው፤ የሃይሉክሱ ትልቁ ጥርስ ስፋቱ 8 ኢንች ሲሆን የዚህ 9 ተኩል ነው። አብዛኞቻችሁ ናይሮቢ ኪሪንያጋ ጎዳና ሄዳችሁ በእጃችሁ መርጣችሁ ስለማትገዙ ሰው ትልካላችሁ። በቃል አትላኩት፤ ልኩን ጻፉለት። የአሁኑ አክስላችሁ ከታምቡር ፊት እስከ ታምቡር ፊት ስንት ነው? ሁለቱ የባሌስትራ መቀመጫዎች ከመካከል እስከ መካከል ስንት ይራራቃሉ? ካርዳኑ የሚገጥምበት አንገት ከመካከል ምን ያህል ወደ ጎን ይርቃል? የቸርኬ ብሎኑስ? እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የ75 ብሎን እንደ ሃይሉክስ 6 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣው 79 ግን 5 ብሎን ነው። መልእክተኛው 5 ብሎን ይዞ ከመጣ የፊትና የኋላ ጎማችሁ አይለዋወጥም፤ ሁለት ትርፍ ጎማ ልትጭኑ ነው። የቸርኬያችሁ መካከለኛ ቀዳዳም ያ እንደ ጣሳ የወጣውን ሞዞ ማሳለፉን ለኩ።

ከሁሉ በላይ የጥርሱ ቁጥር አለ። የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል እኩል ማዞር አለባቸው። ከ75 ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለ 37 እና ባለ 9 ጥርስ ነው፤ ካርዳኑ 4.11 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ሃይሉክስ ደግሞ እንደ ሞዴሉ 4.3 ወይም 4.56 ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ካልተስማሙና በአራቱም ጎማ ከነዳችሁት፣ አንዱ የፊቱን ሌላው የኋላውን በተለያየ ፍጥነት እየጎተተ ማርሹን ይፈጨዋል። በላጋ አሸዋ ውስጥ ጎማው ስለሚንሸራተት ይታገሳል፤ ወደ ደረቁ መንገድ እንደወጣችሁ ግን ይሰበራል። የራሳችሁን ለማወቅ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሡ፤ ሌላው መሬት ላይ ይቅር፤ ድንጋይ አስደግፉት፤ ካምቢዮውን ዜሮ አድርጉ። ካርዳኑ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። የተነሣውን ጎማ በትክክል ሁለት ዙር ስታዞሩት ካርዳኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ከአራት ዙር ትንሽ ካለፈ 4.1 ነው፤ አራት ተኩል ካለፈ ሌላው ነው። ካልተስማሙ የፊቱንም ትለውጣላችሁ፤ ዋጋውን ከመጀመሪያው አብራችሁ አስቡ።

ብየዳውን በተመለከተ፣ የባሌስትራ መቀመጫው በአዲሱ ቱቦ ላይ ሲበየድ ዘንጎቹና ዲፈረንሻሉ ይውጡ። የበያጁ መሬት ሽቦ በራሱ በቱቦው ላይ ይታሰር፤ ሻሲ ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ በኩል ያልፍና ያበላሸዋል። በአንድ ጊዜ ረጅም መስመር አይበይድ፤ ቱቦው በሙቀት ይጣመማል። ጥቂት ከዚህ፣ ጥቂት ከዚያ፣ እያቀዘቀዘ ይሥራ። የአንገቱ አቅጣጫ ከካርዳኑ ጋር ካልተስማማ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ክሮቼራውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይያዝ፤ መኪናው በራሱ ክብደት ይቁም፤ ከተለካ በኋላ ይጠናቀቅ።

ባለፈው አንድ ወጣት «ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች በይደን ሁለቱም ጎማ አንድ ላይ እንዲዞር ብናደርግስ?» ብሎ ጠይቆኛል። አሸዋ ውስጥ ያወጣችኋል፤ እውነት ነው። ግን መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መሄድ አለበት። ይህን ከከለከላችሁት በደረቅ መንገድ ላይ ጎማው እየተፋቀ ያልቃል፤ ወይ ዘንጉ ይሰበራል። ለአሸዋ የጎማውን ነፋስ መቀነስ ይሻላል፤ ሲወጡ መልሶ መሙላት እንዳይረሳ እንጂ።

የክረምቱ ጎርፍ በታራች ሲመጣ ውኃ የምታቋርጡ፣ በአክስሉ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ እዩልኝ። የጋለ አክስል ውኃ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዝና በዚያች ቀዳዳና በኦይል ሲሉ በኩል ውኃ ይስባል። ቀጭን ጎማ ገጥማችሁ ወደ ላይ ወደ ሻሲው ውሰዱት። ዘይቱን ስትከፍቱት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷልና ድፉት።

ሾፌሩ በየሳምንቱ ሊያያቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። በኋላ ጎማ ውስጠኛ ጎን ላይ ዘይት ካለ ኦይል ሲሉ ሄዷል፤ ዘይቱም ሸራውን አበላሽቶታል። ከተጓዛችሁ በኋላ ሁለቱን የኋላ ሞዞዎች በእጅ ጀርባ ቀረብ ብላችሁ ሞክሩ፤ አንዱ ከሌላው አብልጦ ከጋለ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ታሟል። ጎማውን በክሪክ አንሥታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከጎማው ጎን በድንጋይ የታሰረ ገመድ ከላይ አውርዳችሁ እዩ፤ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያጋደለ ከሆነና የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ብቻ እያለቀ ከሆነ ቱቦው ራሱ በጭነት ተጣሟል። በዚያ ላይ ባሌስትራ የሚጨምር ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት።

አዲስ አክስል ያስገባችሁ፣ የባሌስትራውን ማሰሪያና የቸርኬውን ዳዶዎች ባዶውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ እንደገና አጥብቁ። ከዚያ በፊት ሰው አትጫኑበት።