ሦስተኛዋ ደረጃ

(በተመረቅንበት 20ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አስተባባሪዎቹ ስለ ሙያችን የ20 ዓመት ጉዞ ተናገሪ ብለውኝ ነበር። ስላይድም አዘጋጅቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትናንት ማታ ሰረዝኩት። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። ግማሾቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ የሆነው ባለ በረንዳ ቤት። ከጥቁር አንበሳ በእግር ስለሚደረስ ዶርም ሲሰለቻችሁ የምትመጡበት። አያቶቼ ላይኛውን ሁለት ክፍል የተከራዩት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። በ1967 ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የቀበሌ ሆነ፤ እኛም ኪራዩን ለቀበሌ እየከፈልን እዚያው ቀረን። እናቴ እዚያ ተወለደች፣ እኔም እዚያ አደግኩ። ከደረጃው ሦስተኛዋ መርገጫ የተሰበረች ስለነበረች ዘላችሁ ማለፍ ለምዳችሁ ነበር። እንግዳ ሰው ሲመጣ ከላይ ሆነን በድምፁ እናውቀው ነበር።

ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ ማታ አይጥ ሲሮጥበት ይረግባል። ግድግዳው ላይ አያቴ፣ እማማ፣ በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ ጋዜጣ ይለጥፉ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ግን ከዚያ ግድግዳ ላይ። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ አንዳንዱን ገጽ ዘቅዝቀው ይለጥፉታል። እስከ ዛሬ ተዘቅዝቆ የተያዘ የታካሚ ካርድ ማንበብ አይቸግረኝም፤ ራውንድ ላይ ብዙ ጠቅሞኛል።

የአናቶሚ አጥንት ተውሰን በፌስታል ይዘን የመጣን ቀን ትዝ ይላችኋል? እማማ ከአልጋ ሥር አገኙት። «የሰው ልጅ ዐፅም ከቤቴ!» ብለው ሰፈሩን አናወጡት፣ ፀበል ረጩ፣ ማታውን ጎረቤት አደሩ። ጠዋት ተመልሰው መጡና ቁጭ ብለው፣ «ለመሆኑ ስሙ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁን። አንዳችንም አልመለስንላቸውም።

ቤቱን ላሞግስ አልተነሣሁም። ስድስት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ነው የኖርነው። ክረምት ሲመጣ ሳፋና ባልዲ እየደረደርን እናድር ነበር። እማማ ያረፉት በሳንባ ሕመም ነው፤ ሲጋራ ባፋቸው አልዞረም፤ ዕድሜ ልካቸውን የማገዶና የከሰል ጢስ ሲስቡ ኖሩ። ሐኪም ሆኜ ያ ቤት ጤናማ ነበር ብል ዋሾ ነኝ።

ስለዚህ በ2016 ሰፈሩ ሲነሣ ከቤተሰቡ ሁሉ ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩ። እማዬን «ሽንት ቤቱ ቤትሽ ውስጥ ነው፣ ሻወር አለው፣ ደረጃውም አይሰበርም» እያልኩ ያግባባኋት እኔ ነኝ። ዕቃው የሚነሣ ቀን አይሱዙ ተከራይቼ፣ ወንድሜን ልኬ፣ ራሴ ሥራ ገባሁ። ተረኛ ነበርኩ። ተራዬን መቀየር እችል ነበር። አልቀየርኩም።

ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል ከተማው ሁሉ አዝኖ ነበር፤ እኔም ስለ ጃዝ አምባ ብዬ አልቅሻለሁ። ትልቅ ቤት ስም አለው፣ ታሪኩን የሚጽፍለት አያጣም። የእኛን ዓይነቱን ግን ውስጡ የኖረ ሰው ካልያዘው ማን ይይዘዋል? ለማላውቀው ታካሚ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብዬ ሂስትሪ እወስዳለሁ። ለዚያ ቤት ካሜራ ያለው ስልክ በኪሴ ይዤ አንድ ፎቶ አላነሣሁለትም።

እማዬ አሁን የመርሳት በሽታ አለባት። ቤቱ ስለፈረሰ ታመመች አልልም፤ ምልክቱ ቀደም ብሎ ጀምሮ ነበር፤ መምህሮቼ ፊት እንዲያ ብል ነጥብ ይቀነስብኛል። ግን አሮጌው ቤት ውስጥ በጨለማ መብራት ሳታበራ ትንቀሳቀስ ነበር። እጇ ማብሪያውን፣ እግሯ ያቺን ሦስተኛ ደረጃ ያውቃል። አዲሱ ቤት ውስጥ ያ ያግባባኋት ሽንት ቤት ይጠፋባታል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነጠላዋን ትለብስና በሩ ሥር ትቆማለች። «በይ ልጄ፣ መሽቷል፤ ወደ ቤቴ ልሂድ» ትለኛለች።

ለታካሚ ቤተሰብ የምንለውን ታውቃላችሁ፤ አትከራከሯቸው፣ ስለሚሉት ቤት ጠይቋቸው እንላለን። የቆየው ትዝታ ከአዲሱ ይልቅ ይበረክታልና። እጠይቃታለሁ። ትጀምርልኛለች፤ ደረጃው፣ በረንዳው፣ የእማማ አልጋ... ከዚያ መሐል ላይ ይጠፋባታል፤ አይኔን አይኔን ታየኛለች። ልሞላላት ስል ለካ ከኔም ጠፍቷል። በበረንዳው በኩል ያለው መስኮት ሁለት ነበር ወይስ ሦስት? የበሩ ቀለም አረንጓዴ ነበር? እኔ ደግሞ በሽታው የለብኝም።

ቦታውን ላየው ሄጄ ነበር። ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃ፣ መብራት፤ ማታ ያምራል። የጊዮርጊስን ጉልላት ምልክት አድርጌ ወዲያና ወዲህ ብል በራችን የነበረበትን መለየት አቃተኝ።

እንግዲህ የተነሣሁበትን ልናገር። በ1994 ለፋሲካ፣ ዶሮ በልተን ስናበቃ፣ በረንዳው ላይ ተደርድረን ፎቶ ተነሥተናል። ካሜራ የነበረው ከመካከላችን አንዱ ብቻ ነው፤ ዛሬ ከውጭ መጥቶ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ አሁንም ሲስቅ አያለሁ። ወንድሜ፣ ኔጌቲቩን ፈልግልኝ። ሌሎቻችሁም እናቶቻችሁ ጋ ያሉትን አልበሞች ገልብጡልኝ። ፊታችን ባይወጣ፣ ብርሃን ቢበላን ግድ የለም። ከኋላችን ያለው በር ብቻ ይታይ።