ሆዱን ብቻውን የሚታገለው ወንድማችን

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ረሒም።

የዛሬው ርዕሳችን ብዙዎቻችን በቀልድ የምናልፈው ነው። ቦርጭ ያወጣን ወንድም «ተመችቶታል» እንላለን፤ ሌላውን «ሆዳም» ብለን እንስቅበታለን። ነገር ግን ከመካከላችን ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ተነስቶ ማድ ቤት የሚገባ፣ ሳይርበው ሆዱን እስኪያመው የሚበላ፣ ከዚያም ራሱን እየወቀሰ የሚተኛ አባወራ አለ። ከሱጁድ ሲነሳ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሐኪም ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት አስጠንቅቆታል። «ከነገ ጀምሮ እተዋለሁ» ብሎ ስንት ጊዜ ለራሱ ቃል ገብቷል! ለማንም ግን አይናገርም፤ ያፍራል።

ይህን ሁሉ የኢማን ድክመት ነው ብለን መፍረድ የለብንም። ራስን መግታት እስኪያቅት ደጋግሞ ከመጠን በላይ መብላትን የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል። ለሕመም ደግሞ መድኃኒት እንድንፈልግ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘውናል።

አላህ (ሱ.ወ) መብላትና መጠጣትን ፈቅዶልን ማባከንን እንደከለከለን እናውቃለን። ከሆዳችን አንድ ሦስተኛውን ለትንፋሽ እንድንተው መመከራችንንም ሰምተናል። የጎደለን እውቀቱ አይደለም፤ አብሮን የሚቆም ወንድም ነው።

ቡኻሪ የዘገቡትን የሰልማንና የአቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሁለቱን ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። አቡ ደርዳእ ጾምና የሌሊት ሶላት ያበዛ ነበር። ሰልማን ሊጠይቀው መጣ። ምግብ ሲቀርብለት አቡ ደርዳእ ካልበላ እንደማይበላ ነገረው፤ አብረው በሉ። ሌሊቱንም አብሮት አደረ፤ ተኛ ብሎ አስተኛው፤ በመጨረሻው የሌሊት ክፍል አብረው ሰገዱ። ጌታውም፣ ነፍሱም፣ ቤተሰቡም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነገረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ቃል እውነት ነው አሉ። አቡ ደርዳእ የተቸገረው በማነስ ነበር፤ የእኛ ወንድም የተቸገረው በመብዛት ነው። የሰውነት ሐቅ ግን በሁለቱም ይጓደላል። ሰልማን ደግሞ ከሩቅ ሆኖ አልገሠጸም፤ ማዕድ ቀርቦ አብሮት አደረ እንጂ።

የዚህን ጥቅም በዘመናችንም እናያለን። በስኮትላንድ ወንዶች ክብደት ለመቀነስ ወደሚረዱ ቦታዎች መሄድ ያፍሩ ስለነበር፣ አጥኚዎች በሚወዱት ስፍራ፣ በ13 የእግር ኳስ ክለቦች ሰበሰቧቸው። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 የሆነ 747 ወፍራም ወንዶች ተመዘገቡ። ግማሾቹ ለ12 ሳምንታት በየሳምንቱ እየተገናኙ ስለ አመጋገብ ተማሩ፣ አብረው ተንቀሳቀሱ፤ ሌሎቹ ተራ ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 እንደታተመው ውጤት፣ ከዓመት በኋላ የተሰባሰቡት ተራ ከጠበቁት በአማካይ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ የበለጠ ቀንሰው ተገኙ።

እኛስ? ወንዶቻችን በቀን አምስት ጊዜ የሚገናኙበት መስጂድ አለን! ሁለት ሦስት ሆነን ከዒሻ በኋላ ግማሽ ሰዓት በእግር እንሂድ። በሳምንት አንድ ቀን አብረን እንመዘን። ሌሊት ነፍሱ ያስቸገረችው ወንድም ሊደውልልን እንደሚችል እንንገረው። አንድ ቀን ቢሸነፍ አንሳቅበት፤ በማግስቱ እንደገና እንጀምር። ምስጢሩ ግን አማና ነው፤ ከመካከላችን አይውጣ።

እህቶቻችንም፣ «ወላሂ ይቺን ሳትበላ አትነሳም» ማለቱ ይቅርብን። ፍቅራችንን በጉርሻ ብዛት አንለካ። በረመዷን በቴምርና በውሃ አፍጥረን፣ መግሪብን ሰግደን፣ ከዚያ በእርጋታ እንብላ፤ ሳምቡሳውም በልክ ይቅረብ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ወንድም አመጋገቡን ከመለወጡም ሆነ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ተደብቆ መብላቱን መተው ያቃተውም እንዲሁ ያማክር፤ ይህ ነውር አይደለም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ስንናገር አንድ ወንድም በዓይነ ሕሊናችሁ መጥቶ ከሆነ፣ ዛሬ ከሶላት በኋላ ስለ ውፍረቱ አንዳች ሳታነሱ «ና፣ ትንሽ በእግር እንሂድ» በሉት።

አላህ (ሱ.ወ) ነፍሳችንን ያግራልን፣ አንዳችንን ለሌላችን ብርታት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።