ከመርሳ ሚዛን እስከ ኳንተም ጉድጓድ
(በወልድያ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ኤሌክትሮኖች በሰሚኮንዳክተር የኳንተም ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ሲያርፍባቸው የሚያሳዩትን ጠባይ ይመለከታል። ርእሱ ለወልድያና ለሀብሩ መምህራን ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ የዚህ ጥናት ውጤት ዛሬ በመርሳ ገበያ ማንጎ የሚመዘንበትን ኪሎ ሳይቀር የሚነካ በመሆኑ፣ ከገበያው መጀመርን መርጫለሁ።

ወላጆቻችን እህል በቁና ሲሰፍሩ፣ ጨርቅ በክንድ ሲለኩ ኖረዋል። ቁናው ከገበያ ገበያ፣ ክንዱም ከሰው ሰው ይለያያል። ዓለም ከዚህ ችግር ለመውጣት ሲል እ.ኤ.አ. በ1889 የኪሎግራምን ልክ በፓሪስ አቅራቢያ በሴቭር በተቀመጠ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ቅይጥ ወሰነ። ይህም ቢሆን ያው ዕቃ ነው፤ ቢፋቅ ወይም ቢያድፍ የዓለም ኪሎ አብሮ ይለወጣል። እንግዲህ በማንም እጅ የማይለወጥ ልክ ከወዴት ይገኛል? የመልሱ አንድ ክፍል የተገኘው ከኤሌክትሮን ነው።

የኳንተም ጉድጓድ የምንለው፣ ለምሳሌ 10 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው የጋሊየም አርሰናይድ ንጣፍ፣ አሉሚኒየም በተጨመረበት ተመሳሳይ ማዕድን ከላይና ከታች ሲታጠር የሚፈጠረው ነው። በዚያ የገቡ ኤሌክትሮኖች ግድግዳውን መሻገር ስለማይችሉ፣ የሚንቀሳቀሱት በርዝመትና በወርድ ብቻ ይሆናል። በዚህ ንጣፍ ላይ መግነጢሳዊ መስክ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖቹ ክብ ይዞራሉ። ሌቭ ላንዳው እ.ኤ.አ. በ1930 እንዳሳየው፣ የዚህ ዙረት ኃይል የተለያዩ እርከኖችን እንጂ ማንኛውንም መጠን አይዝም። የሀብሩ ገበሬ በእርከኑ ሜዳ ላይ ያርሳል እንጂ በካቡ ላይ አያርስም፤ ኤሌክትሮንም እንዲሁ ነው። በጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ በ10 ቴስላ የሁለት እርከኖች ርቀት 17 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። የክፍል ሙቀት ወደ 25 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚደርስ እርከኖቹን ያደባልቃቸዋል፤ ስለዚህ ሙከራው በፈሳሽ ሂልየም ቅዝቃዜ ይካሄዳል። ምሳሌው የሚያበቃበት ቦታም አለ፤ የገበሬው እርከን ስፋቱ የተወሰነ ሲሆን፣ የኤሌክትሮኑ እርከን ግን መስኩ በጨመረ ቁጥር የበለጠ ይይዛል። በ10 ቴስላ፣ ስፒን ተለይቶ ሲቈጠር፣ አንዱ እርከን በካሬ ሴንቲሜትር 240 ቢሊዮን ያህል ኤሌክትሮኖችን ያስተናግዳል።

ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879፣ ኮረንቲ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲያልፍ በጎን በኩል ቮልቴጅ እንደሚፈጠር ደረሰበት። የጎኑ ቮልቴጅ ለኮረንቲው ሲካፈል የሆል ሬዚስታንስ ይገኛል፤ ይህም እንደ ተለመደው ቢሆን መስኩ ሲጨምር በቀጥታ መስመር ያድጋል። ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ ግን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1980 በግሬኖብል፣ ኤሌክትሮኖች በገጽታው ሥር በቀጭን ጉድጓድ በተያዙበት የሲሊከን መሣሪያ ሲመራመር ሌላ ነገር አየ። ልኩ እንደ ወሎ አምባ በቁልቁለት ይወጣና አናቱ ላይ ሜዳ ይሆናል፤ ከዚያም እንደገና ይወጣል። የአምባዎቹ ከፍታ 25,812.807 ኦም ለ1፣ ለ2፣ ለ3 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ቁጥር የመሣሪያውን ስፋት፣ ቅርጽም ሆነ ማዕድን የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ከዚህም የሚያስደንቀው የአምባው ሜዳነት ምክንያት ነው። በማዕድኑ ውስጥ ያሉ ጉድለቶች አንዳንድ ኤሌክትሮኖችን በየስርጓዳው ይይዛሉ፤ የተያዙት ኮረንቲ ስለማይሸከሙ የኤሌክትሮን ቁጥር ጥቂት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ከፍታው አይነቃነቅም። ጉድለት ፈጽሞ ባይኖር ኖሮ እነዚህ አምባዎች ባልታዩ ነበር። ፍጹም ልክ የተገኘው ፍጹም ንጹሕ ከሆነ ዕቃ ሳይሆን፣ ጉድለት ሊያዛባው ከማይችል የተፈጥሮ ቆጠራ ነው።

በዚህ ዓይነት የዕቃው ዘመን አበቃ። ከግንቦት 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላንክ ቁጥርና የኤሌክትሮን ሙል በቋሚ ቁጥር ተወስነው፣ ኪሎግራም ከሴቭሩ ብረት ተላቀቀ። አሁን ኪብል በሚባለው ሚዛን ክብደት ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ሲመዛዘን፣ ሬዚስታንሱ የሚለካው በእነዚሁ አምባዎች መሠረት ነው። ከዚያም ልኩ በየአገሩ የሥነ ልክ ተቋማት በኩል እስከ ገበያ ሚዛን ይወርዳል። የመርሳ አትክልተኛ ማንጎውን ሲሸጥ የሚጠብቀው ፍትሕ የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው።

ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረ ብዙ ዓመታት አልተቈጠሩም፤ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በነበረው ጦርነትም ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። የ10 ቴስላ ማግኔትና ፈሳሽ ሂልየም በየትምህርት ቤቱ ይገባል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም። ነገር ግን በብዙ የእጅ ስልኮች ውስጥ ያለው ኮምፓስ በሆል ጥበብ የሚሠራ ነው። በእርሱ ተማሪዎች የምድርን መስክ ይለኩ፤ በወልድያ ከ30 እስከ 40 ማይክሮ ቴስላ ያገኛሉ። የግሬኖብሉ ዓይነት ሙከራ የቱን ያህል ብርቱ መስክ እንደሚጠይቅ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ቀጥሎም ጠመኔ ይበቃል። የፕላንክ ቁጥር 6.62607015 × 10⁻³⁴ ጁል ሴኮንድ፣ የኤሌክትሮን ሙል 1.602176634 × 10⁻¹⁹ ኩሎም ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ካሬ ያካፍል፤ 25,812.8 ኦም ያገኛል። በመርሳ ሰሌዳ ላይ የወጣው ቁጥርና በግሬኖብል የተለካው አንድ ነው። ይህን አንድነት በራሱ እጅ አስልቶ የደረሰበት ተማሪ፣ ፊዚክስ የሌላ አገር ንብረት ነው የሚለውን አሳብ ከእንግዲህ በቀላሉ አይቀበልም። ይህንንም ዕድል እንዳንነፍገው አደራ እላለሁ።