ይግባኝ ከታች ነው የሚጀምረው

በማህበራችን ዓመታዊ የወጣቶችና የወላጆች ስብሰባ ላይ በአንዲት የሕግ ባለሙያ የቀረበ ንግግር



እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ቤት ሚሽፓት ኤልዮን፣ ይግባኝን የሚወስነው እንዴት ነው?» የሚል ነው። ርዕሱ ሕግ ለሚማሩ ብቻ ይመስላል። ግን በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። ልጅ በፖሊስ ተይዞ ሲከሰስ፣ አባት ያለ አግባብ ከሥራ ሲባረር፣ እናት በዕዳ ስትከሰስ ሁላችንም የምንለው አንድ ነገር አለ፤ «ግድ የለም፣ እዚህ ቢፈርዱብንም እየሩሳሌም ድረስ እንሄዳለን፤ ትልቁ ዳኛ እውነቱን ያያል።» ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። ዛሬ ስለ እሱ ነው የምነግራችሁ።

በአገር ቤት ሽማግሌ ፊት ስንቀርብ ነገሩ ከመጀመሪያው ይነገራል። እነዚህኞቹ ሽማግሌዎች ያልጨረሱትን ሌሎች ሲይዙት «እስቲ ከሥሩ ንገሩን» ይላሉ። ባለጉዳዩም ያኔ የረሳውን አሁን ይጨምራል። ስለዚህ ወላጆቻችን «ይግባኝ» ሲሉ የሚታያቸው ይኸው ነው፤ አዲስ ዳኛ፣ አዲስ ጆሮ፣ እንደገና የሚነገር ታሪክ።

ኤልዮን ግን እንዲህ አይሠራም። በጣም ጥቂት ጊዜ ካልሆነ በስተቀር ምስክር አይጠራም፣ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም። ዳኞቹ የሚያነቡት ፋይሉን ነው። በታችኛው ፍርድ ቤት ምን ተባለ? በፕሮቶኮሉ ላይ ምን ተጻፈ? ዳኛው ያንን ይዞ ሕጉን በትክክል ሠርቶበታል ወይ? ጥያቄያቸው ይህ ነው። ታች ያልተነገረ ነገር ላይ አይሰማም። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

እስቲ መዋቅሩን እንይ። ፍርድ ቤቶቹ ሦስት ደረጃ አላቸው። ከታች ሻሎም አለ። በአብዛኛው እስከ 7 ዓመት እስራት የሚያስቀጡ ወንጀሎችና እስከ 2.5 ሚሊዮን ሼቄል የሚደርሱ የገንዘብ ክሶች እዚያ ይታያሉ። ከእሱ በላይ መሖዚ አለ። ከባድ ወንጀልና ትልልቅ የገንዘብ ክርክር እዚያ ይጀምራል፤ ከሻሎም የሚመጣ ይግባኝም እዚያ ይሰማል። ከሁሉም በላይ ኤልዮን አለ፤ ከ1992 ጀምሮ እየሩሳሌም ውስጥ ክኔሴት አጠገብ ባለው ሕንጻ ነው የሚያስችለው። የዳኞቹ ቁጥር 15 እንዲሆን ተወስኗል። ይግባኝን ግን ሁሉም አንድ ላይ አይሰሙም፤ በተለምዶ ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ። ነገሩ ከበድ ካለ ችሎቱ ይሰፋል፤ ድምፅ እኩል ለእኩል እንዳይከፈል ቁጥሩ ምንጊዜም ጎዶሎ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ይግባኝ መብት የሚሆነው አንድ ጊዜ ነው። ጉዳያችሁ በሻሎም ከተጀመረ መብታችሁ እስከ መሖዚ ነው። በመሖዚ ከተጀመረ እስከ ኤልዮን ነው። ከሻሎም ጀምሮ፣ በመሖዚ አልፎ፣ ኤልዮን ልድረስ የሚል ሰው መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ፈቃዱ የሚሰጠው በምን መለኪያ ነው? በ1982 ኤልዮን አንድ የመኪና ማቆሚያ ድርጅት በነበረበት ክርክር ላይ መልሱን ሰጠ። ውሳኔው እስከ ዛሬ «ሐንዮን ሐይፋ» በሚል ስም ይጠራል። ዋናው ሐሳቡ «ተበድያለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም የሚል ነው። ጥያቄው ከሁለቱ ተከራካሪዎች አልፎ ሕዝብን የሚነካ የሕግ ጥያቄ መሆን አለበት። ከባድ የፍትሕ መዛባት ሲያጋጥም ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ይህ ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ሻሎም ለተጀመረ ሰው «እየሩሳሌም ድረስ እንሄዳለን» የሚለው ተስፋ በጣም ጠባብ በር ነው።

በሩን አልፈን ገባን እንበል። ዳኞቹ ሦስት ነገር ለይተው ያያሉ። አንደኛው «ምን ተደረገ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ኤልዮን ብዙ ጊዜ እጁን አያስገባም። ምስክሩን በዓይኑ ያየው፣ ሲናገር የሰማው የታችኛው ዳኛ ነውና። ስህተቱ ከወረቀቱ ላይ ጎልቶ ካልታየ ወይም መደምደሚያው ከማስረጃው ጋር ጨርሶ ካልተጣጣመ «ዳኛው ያመነውን አምነናል» ይላሉ። ሁለተኛው «ሕጉ ምን ይላል?» ነው። እዚህ ግን ኤልዮን ሙሉ ሥልጣን አለው፤ ሕግን መተርጎም ዋና ሥራው ነው። ሦስተኛው ቅጣት ነው። ኤልዮን ቅጣት የሚቀይረው ከተለመደው በጣም ሲርቅ ነው፤ «እኔ ብሆን ትንሽ እቀንስ ነበር» ብሎ አይቀይርም።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ከወንጀል ጉዳይ እንጀምር። አንድ ወታደር ከጦር ሠራዊቱ ጠፍቶ ቆይቶ ይያዛል፤ ወደ እስር ቤት ሲገባ ዕፅ ይገኝበታል። መርማሪው «ቃልህን ከመስጠትህ በፊት ጠበቃ የማማከር መብት አለህ» ሳይለው ይመረምረዋል፤ ልጁም ያምናል። ነገሩ ከወታደራዊ ፍርድ ቤቶች አልፎ ኤልዮን ደረሰ፤ በ2006 ውሳኔው ተሰጠ። የይሳካሮቭ ውሳኔ ይባላል። ኤልዮን ያ የእምነት ቃል ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም አለ። ከዚያም አልፎ ለአገሪቱ ፍርድ ቤቶች በሙሉ የሚያገለግል ደንብ አወጣ፦ ማስረጃ በሕገ ወጥ መንገድ ተገኝቶ መቀበሉ የፍርዱን ፍትሐዊነት የሚያዛባ ከሆነ ዳኛ ሊጥለው ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ እዚህ ያላችሁትን ልጆች በቀጥታ ይነካል። በ2012 በቤን ሐይም ጉዳይ ኤልዮን የተጠየቀው ይህን ነበር፤ ፖሊስ ምንም ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሳይኖረው መንገድ ላይ «ኪስህን አሳየኝ» ቢል፣ ሰውየውም ቢያሳይ፣ ፈቅዷል ይባላል ወይ? ኤልዮን የመለሰው ፈቃድ የሚባለው ሰው መብቱን አውቆ ሲፈቅድ ነው ብሎ ነው። ፖሊሱ «እምቢ ማለት ትችላለህ፤ እምቢ ማለትህም በአንተ ላይ አይቆጠርም» ብሎ ማስረዳት አለበት። ቤን ሐይም በኪሱ ቢላዋ ተገኝቶበት ነበር፤ ግን ፍተሻው ሕጋዊ ስላልነበረ ነጻ ወጣ። አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ ከፖሊስ ጋር ግብ ግብ አትግጠሙ። በእርጋታ «አልፈቅድም» በሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢፈትሿችሁ በጉልበት አትከላከሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን አጠገባችሁ እንደነበረ ያዙ። ክርክሩ የሚሸነፈውም የሚረታውም በዚያ ነው።

ከገንዘብና ከጉዳት ክስ ደግሞ አንድ ላንሳ። በቤት ሼሜሽ በአካባቢው ምክር ቤት የመዋኛ ገንዳ አንድ ልጅ በጭንቅላቱ ዘሎ ገብቶ ክፉኛ ተጎዳ። ኤልዮን በ1982 ሲወስን የጠየቀው «አንድ ምክንያታዊ የገንዳ ባለቤት ይህን አደጋ አስቀድሞ ማየትና መከላከል ነበረበት ወይ?» ብሎ ነው። ዛሬ ልጅ በትምህርት ቤት ሲወድቅ፣ ሠራተኛ ከመሰላል ሲወድቅ፣ በየፍርድ ቤቱ የሚነሳው ይኸው ጥያቄ ነው። ለምን? መሠረታዊው የዳኝነት ሕግ ኤልዮን ያወጣው ደንብ ከራሱ ከኤልዮን በስተቀር ሁሉንም ፍርድ ቤት ያስገድዳል ስለሚል ነው።

በሥራ ጉዳይና በቤተ ረቢ መንገዱ ይለያል። የሥራ ክርክር ከአውራጃው የሥራ ፍርድ ቤት ወደ አገር አቀፉ የሥራ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ በተለምዶ እዚያ ያበቃል። የጋብቻና የፍቺ ጉዳይም ከረባኑት ፍርድ ቤት ወደ ትልቁ የረባኑት ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከእነዚህ በኋላ ወደ ኤልዮን የሚኬደው በይግባኝ ሳይሆን በአቤቱታ ነው። ኤልዮን ያን ጊዜ ባጋጽ ሆኖ ይቀመጣል። ባጋጽ ሦስተኛ የይግባኝ ቤት አይደለም። በረባኑት ጉዳይ የሚጠይቀው በዋናነት «ሥልጣናቸውን አልፈዋል ወይ? ሰውየውን ሳይሰሙ ፈርደዋል ወይ?» የሚለውን ነው። በሥራ ጉዳይ ደግሞ ጎልቶ የሚታይ የሕግ ስህተት ኖሮ ፍትሕ ማረም ሲያስገድድ ብቻ ይገባል።

«ታዲያ ኤልዮን አይሳሳትም?» ትሉኝ ይሆናል። ይሳሳታል፤ ሰው ነው። ከዩክሬን የመጣው ሮማን ዛዶሮቭ በ2010 በነፍስ ግድያ ተፈረደበት። ይግባኙ በ2015 በኤልዮን ሁለት ለአንድ ተጣለ። አንዱ ዳኛ «ጥርጣሬ አለ፣ ነጻ ይውጣ» ብለው ተለይተው ጻፉ። በ2021 እንደገና እንዲዳኝ ተወሰነ፤ በ2023 ነጻ ወጣ። እንደገና መዳኘት፣ ሚሽፓት ሖዜር የሚሉት፣ በሕግ አለ። ግን ስንት ዓመት እንደፈጀ ቁጠሩት። በእሱ ተማምኖ ታች ያለውን ችሎት ችላ የሚል ሰው ትልቅ ዋጋ ይከፍላል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጆች፣ ስትያዙ መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቁ። ገንዘብ ባይኖራችሁም ሰኔጎርያ ጺቡሪት አለ፤ በ1995 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የመንግሥት ተከላካይ ነው። ለገንዘብና ለቤተሰብ ክርክር ደግሞ ሲዩዓ ሚሽፓቲት አለ። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ፣ ሕጉ ከለያቸው ሁኔታዎች በስተቀር፣ በምርመራ ጊዜ ወላጅ አብሯችሁ መሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከዓቃቤ ሕግ ጋር የሚደረገውን ስምምነት፣ ሄስዴር ጢዑን የሚሉትን፣ ቶሎ ወደ ቤት ለመሄድ ብላችሁ አትፈርሙ። ያላደረገውን «አድርጌያለሁ» ብሎ ያመነ ልጅ፣ በኋላ ይግባኝ ብሎ ያንን ማንሳት እጅግ ይከብደዋል። የወንጀል መዝገቡ ግን በሠራዊት ምልመላም በሥራ ፍለጋም ይከተለዋል።

ሦስተኛ፣ ወላጆቻችን፣ ዕብራይስጥ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። በወንጀል ክስ ዕብራይስጥ ለማያውቅ ተከሳሽ አስተርጓሚ መስጠት የፍርድ ቤቱ ግዴታ ነው። እናውቃለን፣ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራል፤ ዳኛው ሲናገር ራስን ነቅነቅ ማድረግ የአክብሮት ነው። በፕሮቶኮሉ ላይ ግን «ገብቶታል፣ ተስማምቷል» ተብሎ ይጻፋል። ኤልዮን ከዓመት በኋላ የሚያነበው ያንን ቃል ነው። በልባችሁ የነበረውን አያነብም። የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጆቻችሁንም አስተርጓሚ አታድርጓቸው።

አራተኛ፣ ፕሮቶኮሉን አንብቡ ወይም አስነብቡ። ስህተት ካለበት እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ጊዜው ሳያልፍ ነው።

አምስተኛ፣ ቀን ቁጠሩ። በወንጀል ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው በ45 ቀን ውስጥ ነው፤ በመደበኛ የፍትሐ ብሔር ክርክር 60 ቀን ነው፤ ከዚህ ያጠረ ጊዜ ያላቸውም አሉ። ስለዚህ ፍርዱ በተነገረ ማግስት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። «በዓሉ ይለፍና» አትበሉ።

አንድ ፍርሃት ደግሞ ላንሳላችሁ። ብዙ እናቶች «ይግባኝ ካልን ዳኞቹ ተቆጥተው ቅጣቱን ይጨምሩበታል» ይላሉ። በወንጀል ጉዳይ ይግባኝ ያለው ተከሳሹ ብቻ ከሆነና ዓቃቤ ሕግ ይግባኝ ካላለ ቅጣቱ አይጨመርም። ሕጉ ይከለክላል። ስለዚህ በቂ ምክንያት ያለው ሰው በፍርሃት መብቱን አይተው። በገንዘብ ክርክር ግን የተሸነፈ ሰው ወጪ ሊከፍል ይችላልና አስቀድማችሁ አማክሩ። ደግሞ በችሎቱ ላይ ዳኞቹ ፋይሉን አንብበው «ይግባኙን ብታነሱት ይሻላል» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ስድብ አይደለም፤ ጠበቃችሁን «ለምን እንዲህ አሉ?» ብላችሁ ጠይቁና በእርጋታ ወስኑ።

ወላጆቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የክርክር ሥሩ ፖሊስ ጣቢያው ነው፣ የሻሎም ችሎት ነው፣ የምትፈርሙት ወረቀት ነው። ይሳካሮቭም ቤን ሐይምም እላይ ደርሰው ለሁላችንም የሚሆን ደንብ ያስገኙት፣ ታች የተደረገባቸው ነገር በመዝገብ ላይ ስለነበረ ነው።

በ2016 ከማህበረሰባችን የወጡ ሁለት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛ ሆነው ተሾመዋል። እዚህ ከተቀመጡት ልጆች መካከልም ነገ ጠበቃ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ ዳኛ የሚሆን እንዳለ አልጠራጠርም። እስከዚያው ግን ሕግ ያልተማረውም ቢሆን ሦስት ነገር መቻል አለበት፤ ያልገባውን «አልገባኝም» ማለት፣ ያላደረገውን «አላደረግሁም» ማለት፣ ያልተነበበለትን ወረቀት አለመፈረም። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ልጆችም ለወላጆቻችሁ ንገሩ።

  ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።